ወንፈል የት ገባ?

መምህር ስልክ ሲደውሉ ሰላምታቸው ረጅም ነው። የእናቴን ጤና፣ የእህቴን ልጆች፣ የሰፈሩን ውኃ ሳይቀር ጠይቀው ነው ወደ ጉዳያቸው የሚገቡት። ያን ዕለት ማታ ግን ስልኩን እንዳነሣሁ «ልጄ፣ ወንፈል የት ገባ?» አሉኝ። ድምፃቸው ዕቃ የጠፋበት ሰው ድምፅ ነበር።

ጥያቄው ቶሎ አልገባኝም፤ ቀስ ብለው አስረዱኝ። መምህር ጡረታ ከወጡ ወዲህ የያዙት አንድ ትልቅ ሥራ አለ። በወጣትነታቸው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ሲያስተምሩ ከሽማግሌዎች አፍ እየሰሙ በደብተር የከተቧቸውን ታሪኮች አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣሉ። እያንዳንዱ ታሪክ አንድ ፋይል ነው፤ የፋይሉ ስም የታሪኩ ርዕስ ነው። ርዕሶቹ በአንድ ዝርዝር ውስጥ በየመስመሩ ተሰድረዋል፤ ሲቆጠሩ 312 ናቸው። ከዚህ ሁሉ የሚወጣ የቃላት ማውጫ አላቸው፤ የትኛው ቃል በየትኛው ታሪክ ውስጥ እንደሚገኝ በፊደል ተራ የሚያሳይ። ማውጫውን የሚያወጣው ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪያቸው ፐርል በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ጽፎ የተወላቸው ስክሪፕት፣ ማለትም አጭር ፕሮግራም ነው። ተማሪው ከአገር ወጥቷል። ስክሪፕቱ ግን አንድም ቀን አስቸግሯቸው አያውቅም። ያዙታል፣ ይሠራል፣ ማውጫውን ያስረክባቸዋል።

«ከ‹ወንጌል› ቀጥሎ ‹ወንፊት› ይላል» አሉኝ። «በመካከላቸው ወንፈል ነበረበት። በእጄ የጻፍኩት ቃል ነው። ማን እንደነገረኝ፣ የትኛው ዋርካ ሥር ተቀምጠን እንደነበር ሳይቀር አስታውሳለሁ።»

ወንፈልን ለማያውቅ አንባቢ፦ ጎረቤት ለጎረቤት የሥራ ቀን የሚያበድርበት ልማድ ነው። ዛሬ ሦስት ሰዎች መጥተው ማሳዬን ቢያርሙልኝ፣ እኔ ደግሞ በየተራ የሦስቱንም አርማለሁ። ባለማሳው ድግስ ደግሶ ብዙ ሰው ከሚጠራበት ከደቦ የሚለየው በዚህ ነው፤ በወንፈል ቀን በቀን ይመለሳል። መምህር ከጻፏቸው ቃላት ሁሉ ይህ እንዲጠፋባቸው የማይፈልጉት ቃል ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የአንድ ቃል መጥፋት አልነበረም። አንድ ቃል ከጠፋ አንድ ታሪክ አልተነበበም ማለት ነው። አንድ ታሪክ ሳይነበብ ስክሪፕቱ ምንም ሳይል ካለፈው፣ ስንቱን እንዲሁ አልፎት ይሆን? ማውጫውን ያነበበ ሁሉ ሙሉ ነው ብሎ ነው ያነበበው። እኔም ጭምር።

ቅዳሜ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ተማሪያቸው ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጫነበት አሮጌ ማሽን ነው፤ ሳሎኑ ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። መምህር የሚጽፉት ግን የልጅ ልጃቸው በሰጠቻቸው ላፕቶፕ ላይ፣ በዊንዶውስ ነው። ጽሑፉ በፍላሽ ወደ አሮጌው ማሽን ይሻገራል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ከብልሽቱ ግማሹ የተፈጠረው በዚህ መሻገሪያ ላይ ነው።

ስክሪፕቱ ሃምሳ መስመር አይሞላም። ዝርዝሩን ከፍቶ ርዕሶቹን በየተራ ያነባል፤ በየርዕሱ ፋይሉን ይከፍታል፤ ቃላቱን ይነጥላል፤ በመዝገብ ይይዛል። ፋይል የሚከፍተውን መስመር ሳየው በመጀመሪያ ልቤ አረፈ። «ኦፕን» ይላል፣ የፋይሉን ስም ይጠራል፣ ከዚያም በሁለት ቋሚ መስመሮች ምልክት «ዳይ» የሚለውን ትእዛዝ ያስከትላል። በፐርል ሰፈር ሁሉም የሚያውቀው አነጋገር ነው፤ «ክፈት፣ ወይም ሙት»። ፋይሉ ካልተከፈተ ፕሮግራሙ እዚያው ቆሞ ይጮኻል ማለት ነው። ጥበቃው በቦታው አለና ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ቃላት የሚነጥለውን ክፍል ስመረምር ቆየሁ።

ጥበቃው ግን በቦታው አልነበረም። ፐርል «ወይም» የሚልባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። አንዱ ሁለት ቋሚ መስመሮች ነው፤ ሌላው «ኦር» የሚለው ቃል ነው። ትርጉማቸው አንድ ነው፤ ጉልበታቸው ግን ይለያያል። ቋሚ መስመሮቹ አጠገባቸው ያለውን አጥብቀው ይይዛሉ። «ኦር» ግን ላላ ያለ ነው፤ በግራው ያለው ሐሳብ ሁሉ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ተማሪው ቅንፍ ሳያደርግ በቋሚ መስመሮቹ ስለጻፈው፣ ፐርል መስመሩን ያነበበው «ፋይሉን ክፈት፤ ካልተከፈተ ሙት» ብሎ አልነበረም። «ስም ካለ ስሙን፣ ስም ከሌለ ሞትን፤ ከሁለቱ ያገኘኸውን ክፈት» ብሎ ነው። ስም ደግሞ ሁልጊዜ አለ። ስለዚህ «ሙት» የሚለው ትእዛዝ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንዴም ተራው አልደረሰውም።

ፐርልን እ.ኤ.አ. በ1987 ለሕዝብ ያወጣው ላሪ ዎል የሥነ ልሳን ትምህርት የተማረ ሰው ነው፤ የቋንቋውንም ስም የወሰደው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ካለው የዕንቁ ምሳሌ ነው። ቋንቋው እንደ ሰው አነጋገር አንድን ሐሳብ በብዙ መንገድ እንዲያስኬድ አድርጎ ነው የሠራው። እኔ ይህን ባሕርዩን ከልቤ እወደዋለሁ። ነገር ግን እንደ ሰው አነጋገር ሁሉ፣ ሁለት አረፍተ ነገሮች ለዓይን ተመሳስለው በትርጉም የሚራራቁበት ቦታ አለው። ያ መስመር እንዲህ ያለ ቦታ ነበር።

ፋይል ሳይከፈት ሲቀር ፐርል በራሱ ተነሣሥቶ አይቆምም። «አልሆነም» የሚል ዋጋ መልሶ ይቀጥላል። ካልተከፈተ ፋይል ለማንበብ ሲሞከር ደግሞ ምንም አይገኝም፤ የማንበቢያው ዙር ሳይጀመር ያልቃል። ማስጠንቀቂያዎችን የሚያበራው መስመር በስክሪፕቱ አናት ላይ ቢኖር ኖሮ «ከተዘጋ ፋይል እያነበብክ ነው» የሚል ቃል ይወጣ ነበር፤ እሱም አልነበረም። ታሪኩ ባዶ ሆኖ ያልፋል፣ ቀጣዩ ይመጣል።

መስመሩን እንደገና ጻፍኩት። ቋሚ መስመሮቹን በ«ኦር» ተካሁ። የአከፋፈት ትእዛዙንም ከጥንቱ ባለ ሁለት ክፍል አጻጻፍ ወደ ባለ ሦስት ክፍሉ ቀየርኩት። ባለ ሦስት ክፍሉ ለማንበብ ነው ወይስ ለመጻፍ የሚለውን ከፋይሉ ስም ለይቶ ይይዛል። በጥንቱ አጻጻፍ የፋይሉ ስም በቀኝ ቀስት ምልክት ቢጀምር፣ ፐርል ምልክቱን እንደ ትእዛዝ ሰምቶ ከምልክቱ ቀጥሎ ባለው ስም የሚጠራውን ፋይል ለመጻፍ ይከፍተውና ውስጡን ያጠፋዋል። የሽማግሌዎች ቃል ባለበት ፎልደር ውስጥ ይህን አጻጻፍ ትቼ ማደር አልፈለግኩም።

ከሁሉ በላይ ግን መልእክቱን ቀየርኩት። ተማሪው የጻፈው መልእክት «ፋይሉ አልተከፈተም» ብቻ ይል ነበር። የትኛው ፋይል? ለምን? እኔ ስሙን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አስገባሁ፤ ከጎኑም ፐርል ምክንያቱን የሚያኖርበትን ዕቃ ጨመርኩ። ይህ ዕቃ የዶላር ምልክትና ቃለ አጋኖ ብቻ ነው፤ $! ተብሎ ይጻፋል። ከፐርል ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አስተምር ብባል የማስተምረው ይህን ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፋይል አልከፍትም ሲል ምክንያቱን በቁጥር ይናገራል፤ ያ ቁጥር እዚህ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። እንደ ቁጥር ብትጠይቁት ቁጥሩን፣ እንደ ጽሑፍ ብትጠይቁት ቃሉን ይሰጣችኋል። በሊኑክስ 2 ማለት «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» ማለት ነው፤ 13 «ፈቃድ የለህም»፤ 21 «ይህ ፋይል ሳይሆን ፎልደር ነው»፤ 24 «የከፈትካቸው ፋይሎች በዝተዋል»።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ እኔን አንድ ጊዜ ሁለት ቀን አስለፍቶኛልና። $! መጠየቅ ያለበት ነገሩ ሳይሳካ እንደቀረ ወዲያው ነው። ሳይሳካ ቀርቶ ካልሆነ ውስጡ ያለው የሌላ ጉዳይ ትራፊ ሊሆን ይችላል። ፋይሉ በደንብ ተከፍቶ ሳለ ይህን ዕቃ የሚያትም ሰው ብዙ ጊዜ 25 ቁጥርን ያገኛል፤ ትርጉሙ ትእዛዙ ለዚህ መሣሪያ አይስማማም እንደማለት ነው። ፐርል ፋይሉን ሲከፍት «ይህ ተርሚናል ነውን?» ብሎ ውስጥ ውስጡን ይጠይቃል፣ ፋይሉም አይደለሁም ይላል፣ ያ መልስ እዚያው ይቀራል። ስህተት የለም፤ ሰው ግን የሌለ ስህተት ሲያሳድድ ይውላል።

ስክሪፕቱን አስነሣሁት። በመጀመሪያው ርዕስ ላይ ሞተ። «የቡሄ ዕለት» የሚለው ታሪክ የለም አለኝ፤ ፋይሉ ግን ፎልደሩ ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ሌሎቹንም ሞከርኩ፤ አንድም የሚከፈት ጠፋ። በአሮጌው ስክሪፕት አብዛኞቹ ይከፈቱ ነበር፤ ካስተካከልኩት በኋላ 312ቱም ተዘጉ።

መምህር አጠገቤ ተቀምጠው «ምን አልክ?» አሉ።

«ጥቂት ይታገሡኝ» አልኳቸው።

ያዳነኝ የማዕዘን ቅንፉ ነው። መልእክቱን ደግሜ ሳየው መክፈቻው ቅንፍ ከስሙ ፊት አለ፤ መዝጊያው ግን ወርዶ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል። በስሙና በቅንፉ መካከል የማይታይ ነገር አለ ማለት ነው። ዝርዝሩ በየመስመሩ ሲነበብ የመስመሩ መጨረሻ ምልክት አብሮ ይመጣል፤ «ቾምፕ» በሚለው ትእዛዝ ካልተቆረጠ የስሙ አካል ሆኖ ይቀራል። ቆረጥኩት። እንደገና አስነሣሁት። አሁን ደግሞ መዝጊያው ቅንፍ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ዘልሎ ከፊት ያለውን ጽሑፍ ሸፍኖታል፤ ስሙ በከፊል ጠፍቷል።

ይህን ያየ ሰው ከዊንዶውስ የመጣ ፋይል መሆኑን ያውቃል። ዊንዶውስ መስመርን የሚጨርሰው በሁለት ምልክቶች ነው፤ ቁጥራቸው 13 እና 10። ሊኑክስ በ10 ብቻ ይጨርሳል፤ ቾምፕም 10ን ቆርጦ 13ን ይተዋል። ይህ ቁጥር 13 ከጽሕፈት መኪና ዘመን የተረፈ ነው፤ ትእዛዙ «ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለስ» ነው። ለዚህ ነው ቅንፉ ወደ ኋላ የዘለለው። ከስሙ ጫፍ ሁለቱንም የሚጠርግ መስመር ጻፍኩ።

ታዲያ አሮጌው ስክሪፕት ያለ ቾምፕ እንዴት ይሠራ ነበር? መልሱ የማልወደው ባለ ሁለት ክፍል አጻጻፍ ውስጥ ነው። ያ አጻጻፍ ከፋይል ስም ፊትና ኋላ ያለውን ባዶ ቦታና የመስመር መጨረሻ ምልክት ራሱ ያራግፋል። ዝርዝሩ ሲቆሽሽ እሱ በዝምታ ሲያጥብ ኖሯል። ባለ ሦስት ክፍሉ ግን የተሰጠውን ስም እንደተሰጠው ይወስዳል፤ ቆሻሻ ከሰጠኸው በቆሻሻው ስም ይፈልጋል። እኔ አሁንም ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቆሻሻው እዚያ መኖሩን ማወቅ እፈልጋለሁና።

ቀጥሎ «ሙት» የሚለውን «አስጠንቅቅ» በሚል ቀየርኩት። አንድ ፋይል ባይከፈት ሌሎቹን እያነበበ እንዲቀጥል፣ ያልተከፈቱትን ግን ስማቸውንና ምክንያታቸውን በአንድ ወረቀት እንዲያሰፍር። ከዚያ አስነሣሁት። ከ312 ታሪኮች 265 ተነበቡ። 47 አልተከፈቱም።

መምህር ቁጥሩን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አድርገው ዝም አሉ። ከዚያ «አርባ ሰባት ሰው» አሉ። ለእሳቸው ፋይል አልነበረም፤ እያንዳንዱ አፍ ነው፣ እያንዳንዱ ሽማግሌ ነው። አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ስድስቱ ቁጥር 13 ነበሩ፤ ፈቃድ። አንድ ሰው በአስተዳዳሪው መለያ ገብቶ ስለገለበጣቸው ከዚያ መለያ ሌላ ማንም እንዳያነባቸው ሆነው ተቀምጠዋል። ባለቤትነታቸውን ወደ መምህር መለያ ባዞርኩት ጊዜ ተከፈቱ። (ፋይሉ ራሱ ቢፈቅድም ወደ እሱ ከሚያደርሱት ፎልደሮች አንዱ የማለፍ ፈቃድ ከነፈገ ይኸው ቁጥር ይመጣል፤ በሩ ተከፍቶ አጥሩ ተዘግቶ እንደማለት። መንገዱን ከሥሩ ጀምሮ ማየት ያስፈልጋል።)

ሁለቱ ደግሞ እኔ በሕይወቴ ያላየሁትን ቁጥር ሰጡኝ፦ 36፤ «የፋይሉ ስም ረዝሟል»። መምህር ርዕስ የሚያወጡት እንደ ጥንት ጸሐፊዎች ነው። ከሁለቱ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «አንድ ባለጠጋ ገበሬ ድኻ ጎረቤቱን በዳኛ ፊት ስለ አንዲት ጥጃ በከሰሰ ጊዜ ዳኛው ሁለቱንም አስደንቆ እውነቱን ከጥጃይቱ አፍ እንዴት እንዳወጣው የሚያስረዳ የሽማግሌዎች ጨዋታ»። ፊደሎቹን ቆጠርኳቸው፤ 87 ናቸው፤ ክፍተቶቹ 22። በድምሩ 109። ዊንዶውስ የፋይል ስምን የሚለካው በፊደል ነው ሊባል ይችላል፤ እስከ 255 ስለሚፈቅድ 109 ምንም አይደለም። ሊኑክስ ግን የሚለካው ማሽኑ ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት መለኪያ፣ በባይት ነው፤ የሱም ወሰን 255 ነው። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ ፊደልን ወደ ባይት በሚለውጠው በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። 87 ጊዜ 3 ከነክፍተቶቹ 283 ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ እንግሊዝኛ ጸሐፊ 255 ፊደል በሚያሰፍርበት ቦታ አማርኛ ጸሐፊ 85 ላይ ይቆማል። እነዚህ ሁለት ታሪኮች ከፍላሽ ሲገለበጡ ማሽኑ አልቀበልም ብሎ ነበር፤ የመጣውን መልእክት አንድ ሰው ሳያነበው ዘግቶታል። ላፕቶፑ ላይ ግን አሉ። ለፋይሎቹ አጭር ስም ሰጥቼ ረጅሙን ርዕስ የታሪኩ የመጀመሪያ መስመር አደረግኩት፤ መምህርም ርዕሳቸው ሳይሸራረፍ በመቆየቱ ተስማሙ።

የቀሩት 39 ቁጥር 2 ነበሩ። የለም፣ የለም፣ የለም። ወንፈል ያለበት ታሪክም ከእነዚህ መካከል ነው።

ቁጥር 2 ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስክሪፕቱ የት ሆኖ ነው የሚጣራው የሚለውን ነው። በቁንጽል የተሰጠ አድራሻ ስክሪፕቱ ካለበት ፎልደር ሳይሆን ትእዛዙ ከተሰጠበት ፎልደር ተነሥቶ ነው የሚፈለገው። እዚህ ግን 265ቱ ከዚያው ቦታ ተከፍተዋል፤ ስለዚህ አይደለም። ከስሞቹ ጫፍ የቀረ ክፍተት እንዳለ አየሁ፤ የለም። ከዚያ ከዝርዝሩ አንዱን ስም፣ ከፎልደሩም ያንኑ ስም ጎን ለጎን አድርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«የአመቱ ስራ። እዚህም የዓመቱ ሥራ።»

«አንድ ነው» አሉ መምህር። ከዚያም ትንሽ አሰብ አድርገው መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። «አታንብብልኝ፤ አሳየኝ።»

ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ከአምስት ሰከንድ በላይ አልወሰደባቸውም። «ይሄ የእኔ ጽሕፈት አይደለም። እኔ ዓመትን በአልፋው አ ጽፌ አላውቅም። ሥራንም በእሳቱ ሰ አልጽፍም።»

ዝርዝሩን የጻፈችው የልጅ ልጃቸው ናት። ታሪኮቹን እሳቸው፣ ዝርዝሩን እሷ። በድምፅ የሚጻፍበት የኮምፒውተር ገበታ ላይ ስ በአንድ ምት ይወጣል፤ ሥን የፈለገ ሰው ምት መጨመር አለበት። ልጅቱ ዘመኑ እንደሚጽፈው ጽፋለች፤ ጋዜጣውም መንገድ ላይ ያለው ማስታወቂያም እንደዚያው ነው። ጥፋት አልሠራችም። ሁለቱም ትክክል ጽፈው ፋይሉ ጠፋ።

እኔ ማረጋገጫ ፈልጌ «ኦርድ» የሚለውን ትእዛዝ ጠራሁ፤ ፊደል ሲሰጡት ቁጥሯን የሚናገር ነው። መጀመሪያ ስሞቹን ወደ ፊደል ሳልፈታ በጥሬው ስለሰጠሁት ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ሦስት ቁጥር አወጣልኝ፤ ሁሉም በ225 የሚጀምር። ሥ 225፣ 136፣ 165። ስ 225፣ 136፣ 181። ሦስተኛው ባይት ላይ ብቻ ነው የተለያዩት። ከዩቲኤፍ 8 ፈትቼ ስጠይቀው ደግሞ ሥ 4645፣ ስ 4661፣ ዓ 4819፣ አ 4768 አለኝ። መምህር ቁጥሮቹን በጥሞና አዩአቸው። «እንዲህ ከሆነ ማሽኑ ከብዙ ሰው ይሻላል» አሉ። «ንጉሡንና እሳቱን ለይቶ ያውቃል።»

ልክ ናቸው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም ፊደሎች ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ፣ በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲገባ፣ በድምፅ የገጠሙት ፊደሎች ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ነው የገቡት። እንዲህ በመሆኑ ደስ ይለኛል። በግዕዝ ሰአለ ማለት ለመነ ነው፤ ሠዓለ ማለት ሥዕል ሣለ። ሠረቀ ማለት ፀሐይ ወጣ ነው፤ ሰረቀ ሌላ ነገር ነው። አንዱን በሌላው ቢያዋህዱት ይህ ልዩነት ተመልሶ አይገኝም ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳቤ፣ የፋይሎቹን ስም በዝርዝሩ ልክ መቀየር፣ ገና ከአፌ ሳይወጣ ተውኩት። የመምህርን ዓይኑ ዐ አጥፍቼ በአልፋው አ የምተካበት ምን ሥልጣን አለኝ? ዝርዝሩን በእጅ ማረምም ይቻላል፤ ነገ ግን ሌላ ርዕስ ይጨመራል። የመረጥኩት መንገድ ይህ ነው። ስክሪፕቱ አስቀድሞ በፎልደሩ ውስጥ ያሉትን ስሞች ሁሉ ይሰበስባል። ለእያንዳንዱ ስም በውስጡ ብቻ የሚጠቀምበት መፈለጊያ ያዘጋጃል፤ በመፈለጊያው ሠ ከነዘሩ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ዐ ወደ አ ይመለሳል። ሀና ሃ፣ አና ኣ ደግሞ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስለሆኑ አንድ ይሆናሉ። ከዝርዝሩ የመጣውም ስም እንዲሁ ይደረግለትና በመፈለጊያው ይገናኛሉ። የሚከፈተው ግን ሁልጊዜ መምህር በጻፉት እውነተኛ ስም ነው። ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ መፈለጊያ ላይ ቢጋጩ ስክሪፕቱ አንዱን አይመርጥም፤ ሁለቱን ስሞች አትሞ ይቆማል። ሰረቀና ሠረቀ አንድ ቀን በአንድ ፎልደር ቢገናኙ በግምት እንዲታለፍ አልፈልግም።

ለዚህ ሥራ ፐርል የተመቸ ነው፤ አንዱን ፊደል በሌላው የሚተካው ትእዛዝ ከፊደል ሰንጠረዥ ጋር የተሠራ ይመስላል። መንገዱንም መጀመሪያ የረገጥኩት እኔ አይደለሁም። ዳንኤል ያዕቆብ የፐርል ሞጁሎች (ተዘጋጅተው የተቀመጡ የፕሮግራም ክፍሎች) በሚገኙበት በሲፓን ላይ ለአማርኛና ለግዕዝ ፊደል የሠራቸው ሞጁሎች አሉ፤ አንዱ የአማርኛን ቃላት በድምፃቸው የሚያመሳስል፣ ሌላው ቁጥርን ወደ ግዕዝ አኃዝ የሚለውጥ ነው። የኛን ፊደል በፐርል ለማንበብ የተቀመጠ ሰው ብቻውን አይደለም ማለት ነው።

ስክሪፕቱን ለመጨረሻ ጊዜ አስነሣሁት። የልጅ ልጃቸው ቡና አቅርባ ስለነበር ሦስታችንም ስክሪኑ ፊት ነበርን። ማውጫው ወጣ። ወደ ወ ወረድኩ፤ ወንጀል፣ ወንጌል፣ ወንፈል፣ ወንፊት። መምህር ጣታቸውን ከቃሉ ሥር አድርገው ቆዩ። ልጅቱ ዝርዝሩን በእሳቱ ሰ በመጻፏ ተሸማቃ «አያዬ፣ ይቅርታ» አለቻቸው፤ እሳቸው ራሷን ዳበስ አድርገው «አንቺ ባትጽፊው ማን ይጽፈው ነበር?» አሏት።

ያልተከፈቱት መዝገብ ግን ባዶ አልነበረም። ሦስት ስሞች ቀርተዋል። ቁጥር 2፣ የለም። በመፈለጊያውም የሚገናኙት አላገኙም። ፎልደሩን ፈተሽኩ፣ ላፕቶፑን ፈተሽኩ፣ ፍላሹን ፈተሽኩ። የፊደል ነገር አልነበረም፣ የፈቃድም፣ የርዝመትም። ሦስቱን ርዕሶች አነበብኩላቸው።

መምህር ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«እነዚያን ገና አልጻፍኳቸውም» አሉ። «እንዳልረሳቸው ብዬ ነው ርዕሳቸውን ያስገባሁት። ስንት ዓመት ሆነው?»

ተነሥተው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ጀርባው በፕላስተር የተያያዘ ደብተር ይዘዋል። ገጹን ፈልገው አገኙና ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉ። እኔ አዲስ ፋይል ከፈትኩ። ልጅቱ የቁልፍ ገበታውን ወደ ራሷ ሳበች።

«የሠርጉ ማግስት» አሉ መምህር።

«በየትኛው ሠ ልጻፈው አያዬ?»

«በንጉሡ።»